በእራፊ ላይ የቀረች ክፍል

በአስካለ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቢጫ የሆነችው በሚያዝያ 3 ቀን 2071 ዓ.ም. ጠዋት ነው። አስካለ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል። ስለዚህ ቢጫውን መጀመሪያ ያየችው እሷ ሳትሆን ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ጎረቤቷ ናት። ጎረቤትየዋ እንደ ወጉ ከበር ላይ ሆና፣ «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ልዩነት የለም?» አለች። አስካለም እንደ ወጉ፣ «ልዩነት የለም፣ ተመስገን» ብላ ሳትጨርስ ሴትየዋ ቀሚሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ኧረ እማማ፣ መብራትዎ ቢጫ ነው!»

በሰንበሌጥ ከተማ ሰው ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው ቤቱ ከፕላኑ ጋር መስማማቱን ነው። መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች ልዩነት የለም። ቢጫ ከሆነች ቤቱና ፕላኑ ተጣልተዋል፤ ሲጣሉ ደግሞ የሚታረመው ቤቱ ነው። ፕላኑ ተሳስቶ አያውቅም፤ ቢሳሳትም ደፍሮ የሚነግረው የለም። በየወሩ መባቻ የቤቱ ባለቤት በየክፍሉ መሐል ቆሞ ጮክ ብሎ «ልዩነት የለም» ይላል። ሚስማር መምታት ያማረው ሰው ሚስማሩን አስመዝግቦ ሦስት ቀን ይጠብቃል። የከተማውን ቤት ሁሉ ነድፎ፣ አጽድቆ፣ ለክቶ የሚይዘውን ሥርዓት ሕዝቡ በአጭሩ «ዋናው» ይለዋል። ረጅም ስም ነበረው፤ አሁን የሚያስታውሰው የለም።

«ይህ ክፍል በፕላን ላይ የለም፤ በሰባት ቀን ውስጥ ይታረማል» አለ ግድግዳው፣ ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ። ወዲያው የክፍሉ ኤሌክትሪክ ጠፋ። ለክፋት አይደለም፤ ለሌለ ክፍል መብራት አይላክም።

አስካለ ታናሽ ወንድሟን አስጠራች።

ስንሻው ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። ከማዘጋጃ ቤት በጡረታ የወጣ ፕላን ነዳፊ ነው፤ በሰንበሌጥ በእጁ እየነደፈ ደመወዝ የበላ የመጨረሻው ሰው። ከእሱ በኋላ የመጡት መስመር የሚባለውን ነገር በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ሜትሩን በኪሱ ይዞ መጣ። ሜትር ሳይዝ የትም አይሄድም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢሆን። የክፍሏን ወርድና ቁመት ለካ፤ ሦስት ሜትር ከስልሳ በአራት ከሃያ። ለክቶ ሲጨርስ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? ቤቴ ሊፈርስ ነው እያልኩህ!»

«እታለም፣ የዚህን ክፍል ፕላን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚህ በእጄ! ማኅተምም አለው። ነገ ጠዋት ሄጄ አሳያቸዋለሁ፤ በቃ፣ ያልቃል።»

«አንተ ያልቃል ስትል ነው እኔ የምፈራው» አለች አስካለ። በጨለማው ውስጥ የእግር ስፌት መኪናዋን እየዳሰሰች ነበር።

አርባ ሁለት ዓመት የኖረችባት ክፍል ናት። ትልቁን ቤት ልጆቿ ተከፋፍለው ሸጠውታል፤ የቀራት ይህች ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ክፍሏን የምታየው በእጇ ነው፤ መቀሱ የት እንደሚሰቀል፣ በሩ ከመኪናው ስንት እርምጃ እንደሆነ። በማግሥቱ የዓይን ጠብታዋን ልትቀበል ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። መዝገቡ አድራሻዋን ፈልጎ አጣው፤ አድራሻ ከሌላት ነዋሪ አይደለችም፤ ነዋሪ ካልሆነች ጠብታ የላትም። ባዶ እጇን ተመለሰች። ክፍሏ ስትፈርስ የምትፈርሰው ብቻዋን አልነበረም ማለት ነው።

ስንሻው በዚያው ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ነበር። በሰፊው አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ተቀምጣለች፤ ኤልዳና ትባላለች። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ነው። እሷን የቀጠሯት ሰው ለመቆጣት ፊት ስለሚያስፈልገው ነው ይባላል። ደግ ልጅ ናት፤ ለመቆጣት አትመችም።

«አባባ፣ የመጡት ለልዩነት ነው?»

«ልዩነት አይደለም ልጄ፤ ስሕተት ነው።»

«የቤቱ?»

«የፕላኑ።»

ኤልዳናን አሳዘናት። በዕድሜ ምክንያት ነው ብላ ሳይሆን አልቀረም። የአስካለን ግቢ ፕላን በጠረጴዛው መስታወት ላይ አወጣችለት። ስንሻው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። በ2020ዎቹ መጀመሪያ በእጅ የተሠራ ፕላን ነው፤ ሰሜንን የሚያሳየው ቀስት ጭራው እንደ ዓሣ ሁለት ላይ ተከፍሏል። የአለቃው የአቶ ደርበው እጅ! ሰውየው ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀስታቸውን ሲያይ ግን ድምፃቸውን የሰማ መሰለው። ትልቁ ቤት አለ፤ አጥሩ አለ፤ ጉድጓዱ አለ። የአስካለ ክፍል መሆን ያለባት ቦታ ባዶ ነው።

ከዚያ ዓይኑ አራት ትንንሽ ቢጫ ነጠብጣቦች ላይ ወደቀ። ባዶው ቦታ አራት ማዕዘን ላይ ተቀምጠዋል። ኤልዳና የወረቀት እድፍ መስለዋት ይሆናል። ስንሻው ግን አወቃቸው፤ ሙጫ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቤቱ ላይ ክፍል ሲጨምር ሙሉውን ፕላን እንደገና መንደፍ ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ነዳፊዎቹ የተጨመረውን ክፍል ብቻ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ሠርተው በትልቁ ፕላን ላይ በሙጫ ይለጥፉት ነበር። በመካከላቸው «እራፊ» ይሉታል፤ ለቀሚስ እንደሚጣፈው ጨርቅ። እራፊው ላይ ማኅተም ይመታል፤ ከተመታ በኋላ ሕግ ነው።

በ2031 ዓ.ም. የድሮ ፕላኖችን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ማሽን ለአራት ወር በውሰት መጣ። ሥራው ለወጣቱ ስንሻው ተሰጠ፤ በቀን ሦስት መቶ ፕላን። ማሽኑ ለስላሳውን ወረቀት ጠጅ እንደሚጠጣ ሰው ይስበዋል፤ እራፊ ያለበት ሲመጣ ግን ጨምድዶ ይተፋዋል። ሁለት ቀን ታገለው። በሦስተኛው ቀን ምላጭ አወጣና እራፊዎቹን አንድ በአንድ እየላጠ ያነሳቸው ጀመር። በየጀርባቸው ቁጥር ጻፈባቸው። በኋላ ለብቻቸው አስገባቸዋለሁ አለ። ስድስት መቶ አርባ ሆኑ። ሥርዓት የሚወድ ልጅ ስለነበር ሲጨርስ በእያንዳንዱ ላይ «ከ640» የሚል ጨመረበት። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖራቸው። አራቱ ወር አለቀ፤ ማሽኑ ሄደ፤ ትልልቆቹ ፕላኖች ለወረቀት ፋብሪካ ተላኩ። ቆርቆሮው ስንሻው ጋር ቀረ።

ዋናው ሲመጣ ከተማዋን የተማረው ማሽኑ ካስገባቸው ፕላኖች ነው፤ እራፊዎቿ ከተላጡባት ከተማ። መንደር በመንደር እየለካ ሲመጣ፣ ዘንድሮ ተራው የአስካለ ሠፈር ደረሰ።

ስንሻው ከአዳራሹ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ተናደደ። በዋናው ተናደደ፤ ይልቁንም በራሱ። በእጅ ሲነደፍ ስሕተት ጠባሳ ነበረው። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ሲፋቅ ወረቀቱ ይሳሳል፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ለብርሃን ቢያዙት ይታያል፤ ሰው እዚህ ጋ ተሳስቶ ነበር፣ ተመልሶም አስቧል ይላል። ኮምፒውተር ላይ የተሰረዘ መስመር ኖሮም አያውቅ። አቶ ደርበው ኮምፒውተር የመጣ ሰሞን፣ «ፈጣን ነው፤ ንጹሕ ነው፤ የማልወድለት እጁ አይፈራም» ይሉ ነበር። ቀለም የነከረ ብዕር ይዞ ወረቀት ላይ የሚያጎነብስ ሰው ትንሽ ይፈራል። ስንሻው ያን ጊዜ ሽማግሌው ቀኑ አለፈበት ብሎ ይስቅ ነበር። አሁን የሚስቅበት አፍ አጣ።

ቆርቆሮው ቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ አርባ ዓመት ከዚያ አልወረደም። ለምን በጊዜው አላስገባቸውም ቢሉት የሚመልሰው ነበረው፤ ማሽኑ ሄደ፣ ሥራ በዛ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቁጥር 640 የራሱ ናት።

በዚያ ዓመት ሚስቱ ትርንጎ እርጉዝ ነበረች። ስንሻው ለሚወለደው ልጅ ከቤታቸው ጋር የተያያዘች ትንሽ ክፍል ነደፈ፤ ሁለት ከሰማንያ በሦስት። መስኮቷን ከወለሉ ሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ አደረጋት። አቶ ደርበው ሊያጸድቁ ሲሉ ሳቁበት። «ይኼ መስኮት ነው ወይስ የዶሮ በር?» አሉት። «ልጁ ቆሞ፣ እኔ ማታ በግቢው በር ስገባ እንዲያየኝ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ማኅተሙን መቱበት። ልጁ ተወለደ፤ ወንድ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ክፍሉ አልተሠራም። ሌላ ልጅም አልመጣም። ስንሻው እራፊዎቹን ለመመለስ ቆርቆሮውን በከፈተ ቁጥር ከላይ የምታገኘው የመጨረሻዋ ናት፤ ይከድነዋል። እንዲህ እያለ አርባ ዓመት ሞላው። ትርንጎም ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ታውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ሳትጠይቀው፣ ከስድስት ዓመት በፊት አረፈች።

ስንሻው ከማዘጋጃ ቤት በተመለሰበት ማታ 640ን ሳያይ በግንባሯ ገልብጦ አነሳት፤ ከሥር ፈልጎ የአስካለን አወጣ። ቁጥር 411። መስመሩ አሁንም ጥቁር ነው፤ ማኅተሙም ቀይ ነው። እፎይ አለ።

በሦስተኛው ቀን ኤልዳና እራፊዋን በሁለት እጇ ተቀበለችው። እንዲህ ያለ ነገር ነክታ አታውቅም። መስታወቱ ላይ አኖረችው፤ ትንሽ ጠበቁ።

«አባባ፣ አንዷን ብቻዋን አይቀበልም። ቁጥሯ 411 ነው፤ ሌሎቹ የት ሄዱ ይላል።»

«እኔ የማመለክተው ስለ እህቴ ነው። የሌላው ሰው ምን ያደርግልኛል?»

«የተሟላ ካልሆነ ሰነድ አይደለም ይላል። ቁራጭ ወረቀት ነው ይላል።»

«ማኅተሙን አይቶታል?»

«አይቶታል። ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ነው ይላል።»

ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ስድስት መቶ ሠላሳ ዘጠኙን ይዞ፣ አንዷን ቤት ትቶ። ኤልዳና እስኪመሽ አንድ በአንድ ስታስገባ ዋለች። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷን አይቶ ገባው።

«ከ640 ይላል፣ አባባ። አንድ ጎድሏል።»

«ጠፍቷል በይው።»

«ጠፍቷል ከተባለ የጠፋው እስኪገኝ ሁሉም ይቆያሉ ይላል።»

«እስከ መቼ?»

«ጊዜ አልሰጠም።»

«ልጄ፣ እህቴ አራት ቀን ነው የቀራት! ጨለማ ውስጥ ናት!»

ኤልዳና ዓይኗን ሰበረች። አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ግድግዳው ብቻ ነበር፤ ለግድግዳ ደግሞ አይለመንም። ከ640 ብሎ በንጹሕ እጁ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ዝርክርክ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር።

በአራተኛው ቀን አንዷን እራፊ መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይቻላል ተባለ፤ ያጸደቀው ሰው ቀርቦ ከፈረመ። «አቶ ደርበው እኮ ሞተዋል» አለ። ዋናው አሰበበትና፣ ፈራሚው መቅረብ ካልቻሉ ወኪላቸው ይቅረቡ አለ። ወኪል የሚሰጡት አቶ ደርበው ራሳቸው ናቸው። በአምስተኛው ቀን ለሰው ኃላፊ ሊያመለክት ሞከረ፤ የሰው ኃላፊ የለም። በሩ ላይ የተጻፈ ስም አለ፤ በሩን ሲከፍቱት የመጥረጊያ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር መሐል ቆሞ «ሰው የለም ወይ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ተመልሶ መጣለት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አራሚው መጣ። ቁም ሣጥን የሚያህል ቢጫ ማሽን ነው፤ በአስካለ በር ላይ ቆመ። አይናገርም፤ አይጣደፍም፤ ቀኑን ይጠብቃል። ጎረቤቶች እስከዚያው ብለው የታጠበ አንሶላ አሰጡበት። አስካለ ወጥታ በእጇ ዳሰሰችው።

«ይኼ ነው የሚያፈርሰኝ?» አለች። «ሙቀት አለው እኮ!»

«እታለም፣ የኔ ጥፋት ነው» አለ ስንሻው። ሁሉንም ነገራት፤ ማሽኑን፣ ምላጩን፣ ቆርቆሮውን። አንዷን ለምን ቤት እንዳስቀራት አልነገራትም። አስካለ ግን ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ዕድሜ ልኳን ጨርቅ ስትጥፍ የኖረች ሴት ናት።

«እራፊ ልብሱ ላይ ካልተሰፋ ለማንም አይጠቅምም። ሁሉንም ስጣቸው» አለች። ቆይታም፣ «የልጁ ነገር አለበት አይደል?» አለችው።

ስንሻው ተነሳ። ወደ ቤቱ ሄደ።

640ን በነዳፊ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት፤ ያ ጠረጴዛ አሁን ምግብ የሚበላበት ነው። ምላጭ አወጣ። መስመሮቹን ቢፍቃቸው ባዶ ወረቀት ነው የሚያስገባው፤ ቁጥሩ ይሟላል፤ ነገሩ ያልቃል። ምላጩን የመስኮቷ መስመር ላይ አሳረፈ። እጁ እምቢ አለ። ሌላ መስመር ሞከረ፤ እምቢ አለ። ትርንጎ ያን ጊዜ ከኋላው ቆማ፣ በትከሻው ላይ አሻግራ ስታይ የነደፋት መስመር ናት። በመጨረሻ እርሳስ ቀርጾ በእራፊዋ መሐል ላይ ቀስ ብሎ «አይሠራም» ብሎ ጻፈ። የነዳፊ ሕግ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አቶ ደርበው በየቀኑ ይሉት ነበር፤ እርሳስ ሐሳብ ነው፣ ቀለም ቃል ነው። ግን ከዚህ የበለጠ ማድረግ አልቻለም። ወስዶ ለኤልዳና ሰጣት።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት የአስካለ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ኤሌክትሪኩ ተመለሰ፤ ጤና ጣቢያውም ጠብታዋን ሰጣት። አራሚው የተሰጣበትን አንሶላ ሳይጥል ዞሮ ሄደ፤ የአንሶላዋ ባለቤት ሦስት መንገድ ሮጣ ደረሰችበት። ሠፈሩ ሳቀ። ስንሻውም ሳቀ፤ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል በላ።

ደስታው ግን ሦስት ቀን ነው የቆየው። ዋናው የገቡለትን ስድስት መቶ አርባ እራፊዎች ከከተማዋ ጋር አስተያየ። የጸደቁ ናቸው፤ መሬት ላይ ግን ብዙዎቹ የሉም። ባለቤቶቹ ሞተው፣ ክፍሎቹ ፈርሰው፣ ቦታው ተሸጦ አርባ ዓመት አልፏል። በፕላን ላይ ኖሮ መሬት ላይ ከሌለ ያው ልዩነት ነው፤ ልዩነት ይታረማል። አራሚዎቹ በሰንበሌጥ መንገዶች ሁሉ ተሰማሩ።

በአንድ ሻይ ቤት መሐል፣ ደንበኞች እንደተቀመጡ፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ተሠራ። በአፀደ ሕፃናት ግቢ ውስጥ በ2026 የሞተ ሰው ሽንት ቤት ቆመ። አዲስ ሙሽሮች ከሠርጋቸው ሲመለሱ መኝታ ቤታቸው በግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቃቸው። የተደሰተች አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች፤ በ2028 አመልክታ ያላሠራችው ማድ ቤት አሁን ተሠራላት። «መንግሥት ይረሳል እንጂ አይክድም» አለች አሉ። የቀረው ሰው ያለቅሳል፤ ይራገማል። የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስንሻው ፀጉሩን ሊስተካከል ተቀምጦ ሰዎች ሲራገሙ ሰማ፤ አንገቱን እንደደፋ አሜን አለ።

ማዘጋጃ ቤት እየሮጠ ሄደ።

«ክፍሉን አልፈልገውም» አላት ኤልዳናን። «የኔን። ቁጥር 640ን።»

«አልፈልግም የሚል ቅጽ የለም፣ አባባ። ያለው ‹አልተጠናቀቀም› የሚል ነው።»

«እርሳሱን አላነበበውም? አይሠራም ብዬ ጽፌበት ነበር እኮ!»

«የቱን እርሳስ?»

እራፊዋን አወጣችለት። መስታወቱ ላይ ተንጣላ ታየች፤ ንጹሕ፣ ጥቁር፣ ያለ አንዳች ጭረት። እርሳሱ የለም፤ ዋናው ያነበበው ቀለሙን ብቻ ነው። ኤልዳና ራሷን ዘንበል አድርጋ አየቻት።

«እንዴት ደስ የሚል እጅ አለዎት፣ አባባ!» አለች፤ ከልቧ ነው። «ይቺ መስኮት ግን ለምን እንዲህ ዝቅ አለች?»

«ለልጅ ናት!» ብሎ ጮኸባት። «ልጁ ሞቷል! አርባ ዓመቱ! ይኼን ንገሪው ለዋናው! ሞቷል በይው!»

ኤልዳና ደነገጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ። የተናገረውን ጻፈች፤ ጠበቁ። መልሱ ቶሎ መጣ። ቃል በቃል ልታነብለት አልፈለገችም፤ እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ አነበበው። «ነዋሪ የለም። ክፍሉ ይሠራል። ነዋሪ ሲገኝ ይገባል።»

አራሚው በማግሥቱ በግቢው በር ገባ። ስንሻው በሩን ሊዘጋበት አስቦ ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ቢዘጋበት ማሽኑ የአጥሩን ግማሽ ያረመበት ጎረቤት ያውቃል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብሎ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ማሽኑ አርባ ዓመት ባዶ የኖረውን መሬት አጸዳ፤ ትርንጎ ጎመን የምትተክልበት ነበር። መሠረት አወጣ፤ ግድግዳ አቆመ። አይሳሳትም፤ አይፍቅም፤ ቆም ብሎም አያስብም። በሁለት ቀን ጨረሰ።

አስካለ ዱላዋን ይዛ መጣች። ስንሻው እጇን ይዞ አስገባት። አዲስ ቀለም ይሸታል። በእጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች ዞረች፤ መስኮቷ ጋ ስትደርስ እጇ ወደ ታች ወረደ፤ ወረደ፤ ጉልበቷ አጠገብ ጠርዙን አገኘችው። ቆመች።

«ትርንጎ ነግራኝ ነበር» አለች። «መስኮቷን ዝቅ አድርጎ ነደፋት ብላኝ ነበር።»

«እንዴት? ነግራሽ ነበር?»

«እንዳትጠይቂው አለችኝ።»

እህቱ ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ስንሻው ብቻውን ቀረ። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤ ልማድ ነው። ሁለት ከሰማንያ በሦስት። መስኮቷ ከወለሉ ሃምሳ አምስት። ፀጉር ታህል አልሳተም።

ከዚያ ተንበረከከ። ጉልበቱ ያመዋል፤ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወረደ። በመስኮቷ ሲያይ የግቢው በር ከፊቱ ነው፤ ልክ በመሐሏ፤ ዛፍም አጥርም አልከለለውም። በጊዜው ትክክል ነድፏታል። እዚህ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ አባቱ ገና መዝጊያውን ሲነካ ያየው ነበር።

በአዲሱ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ አለች። አዲስ ክፍል ሲጠናቀቅ ባለቤቱ መሐል ቆሞ ቃሉን መስጠት አለበት፤ ሕግ ነው።

«እባክዎ ያረጋግጡ» አለ ለስላሳው ድምፅ። «ልዩነት የለም?»

ስንሻው እንደተንበረከከ ወደ በሩ አየ። በከተማው ውስጥ ይህን ጥያቄ በሌላ ቃል የመለሰ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

«ልዩነት አለ» አለ።

መብራቷ ቢጫ ሆነች። ክፍሏን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ እንደገና ለካች። ወለሉ ላይ የተንበረከከውን ሰውዬ አልፋ መስኮቷንም ለካች።

«ልዩነት አልተገኘም» አለ ድምፁ። መብራቷም አረንጓዴ ሆነች።